ከጉም ወዲያ

ውጫሌ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ሙሄ ቅመም ሲጠቀልል
አየሁት፣ መዝገበ ቃላት ከመሀሉ ሲገነጥል።
«ሽጥልኝ» አልሁት። ሳቀና፣ «ምን ሊበጅሽ ይሄ ጉድ?
ለኔ ከረጢት ነው እቴ፣ ለአብሽና ለቅርንፉድ።
ግማሹን ውሰጅው በቃ፣ ግማሹ ይቅር ለእንጀራዬ።»
መቶ ሃያ ብር ቆጠርሁ፣ አቅፌ ገባሁ ጓዳዬ።

ከ«ኤ» ይጀምራል መጽሐፌ፤ ሲሄድ ሲሄድ «ኤም» ላይ ሲደርስ
በ«ሚስት» ያልቃል። ሚስት ማለት ጉም ነው፣ በማለዳ አምባሰልን የሚያለብስ።
ከጉም ወዲያ ገጽ የለም።

ቀን ጤና ጣቢያ ነው የምውል፣ የበሽተኛ ካርድ ስደረድር፤
ማታ አምስት አምስት ቃል ብቻ፣ ደብተሬ ላይ ሳሰፍር።
«ላኮኒክ» ማለት ቁጥብ ነው፣ አንደበቱ የተለካ፤
የእህቴ ባል የይማም ዝምታ በሰው አገር ስም ነበረው ለካ!
«ጋሩለስ» ደግሞ ለፍላፊ፤
እሱን ቶሎ አለፍሁት፣
ደብተሬም ላይ አልጻፍሁት።

ግን ከጉም ወዲያ ነው «ኖ»፣ ከጉም ወዲያ ነው «የስ»፤
በእጄ ያለው ግማሽ ቋንቋ ቢጠይቁት አይመልስ።

ስለዚህ ሙሄ ጋ እሄዳለሁ። የአምስት ብር አብሽ እገዛለሁ፤
«በዚያች ጠቅልልልኝ፣ በዚያች» እያልሁ ገጿን በጣቴ አሳያለሁ።
ቤት ገብቼ እፈታዋለሁ፤ አብሹ ወደ ጣሳ፣ ቃሉ ወደ ደብተር።
«ሪላክታንት» ከአብሽ ጋር መጣ፤ እሺ ለማለት የሚያንገራግር።
«ቴንየስ»፣ ሊበጠስ የደረሰ ስስ ክር፣ ከኮረሪማ ጋር።

ለሙሄ ነገርሁት። በማግስቱ አንድ የሲኖትራክ ሹፌር
ዱቤ ቢለው፣ «ዛሬስ አቦ፣ ሪላክታንት ነኝ» አለው።
ሹፌሩ ሕመም መስሎት «አላህ አፊያ ያርግህ» ብሎ
ደንግጦ ሄደ፣ ሲጋራውን ጥሎ።

ውጫሌ ቃል ታውቃለች። እዚሁ ግድም፣ በሁለት ልሳን
አንድ ግስ ሁለት ሆኖ፣ ስንቱን አባላ፣ ስንቱን።
እኔም ቃል ሲጎድለኝ አልገምትም። እጠብቃለሁ
ገጹ ተራው እስኪደርስ። ቅመም እገዛለሁ።

ግን ጦይባ ቤት ያየሁት፣ ምድጃዋ አፍ ላይ የነደደ
አንድ ጥግ፣ ከ«ኤስ» ገጽ ነው፤ ምን ነበር አብሮት የሄደ?
በርበሬውን ወስዳ ቃሉን ለእሳት ሰጠችው። አልተቀየምኋትም፤
ሰው የማያውቀውን ቃል አጣሁ ብሎ አያለቅስም።
ብቻ አንዳንዴ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ሲላወስ፣ ስም የለሽ፣
«አንቺ ነሽ?» እላለሁ፣ «ከጦይባ እሳት ያመለጥሽ?»

ደሴ ለፈተና ገባሁ። ጥያቄ አርባ አንድ ላይ ቆምሁ፤
«ሶላስ»ን መልኩን አውቀዋለሁ፣ ፍቺውን ግን የት ጣልሁ?
ዓይኔን ስጨፍን፣ ከየት መጣ ሳልል፣ ጥቁር አዝሙድ ሸተተኝ፤
መጽናኛ። ከነገጹ መጣ፣ ከነጣሳው ታየኝ።

ውጤቱ ገና አልመጣም። ትናንት የሚኒባሱ ረዳት፣ ይመር፣
«ከሙሄ» ብሎ አቀበለኝ፣ ትንሽ ጥቅል፣ የታሰረች በክር።
ፈታሁት። ውስጡ ባዶ ነው። ቅመም የለ፣ ጽሑፍ የለ፤
«የመጨረሻዋ ገጽ ናት፣ ሳልሸጣት ያቆየኋት፣ በላት አለ።»

ዘርግቼ አየሁት፦
የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ባለ ቁጥር፤
ሙሄ የፈረንጅ ፊደል አይለይም፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ዘር።
አልነገርሁትም።
ከ«ዜድ» ቀጥሎ ሰፋሁት፣ በመርፌ፣ በዚያው በክሩ፤
ቅርንፉድ ይሸታል ዳር ዳሩ።